ሰባት ዓመት ወደ ኋላ

ኪዲ ራውተሩን ለአራተኛ ጊዜ ነቅላ ሰካችው። ሰብለ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የባዮሎጂ መጽሐፍ ገልጣለች፤ አንድ መስመር ግን አላነበበችም። ጆሮዋ ያለው አያቷ ክፍል ውስጥ ነው። ራውተሩ መብራቶቹን አብርቶ እስኪጨርስ ሁለት ደቂቃ እንደሚፈጅ ታውቃለች። ከዚያ ኪዲ ወንበሩን ትስባለች፣ ማውሱን ትጫናለች፣ ትንሽ ትጠብቅና በረጅሙ ትተነፍሳለች። ልክ እንዳሰበችው ሆነ።

«አሁንም እንቢ አለ» ስትል ሰማቻት።

የሰብለ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኪዲ በኢንተርኔት ሞልታ፣ አትማ፣ አስፈርማና ስካን አድርጋ መልሳ መላክ ያለባት ቅጽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካልተላከ አዲስ አበባ የሚሰጠው የሁለት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ለሌላ ትምህርት ቤት ተማሪ ያልፋል። ቀኑ ኅዳር ሃያ አንድ ነው፤ እሑድም ጽዮንም ስለሆነ የሰፈሩ ኢንተርኔት ቤቶች ዝግ ናቸው። የኪዲ ስልክ ባለቁልፍ ናት። የሰብለ እናት ስማርት ስልኳን ይዛ አንበሳሜ ለቅሶ ሄዳለች፤ ላፕቶፗም ጥገና ቤት ከገባ ሳምንት አልፎታል። የቀረው የአያታቸው ኮምፒውተር ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሰብለ ጠዋት አሰናድታዋለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ሌሎቹ ቅዳሴ ሲሄዱ ሰብለ ራሴን አሞኛል ብላ ጸሎቱን ትታ ከቂሟ ጋር እቤት ቀረች።

ኪዲ የአክስቷ ልጅ ናት። ሙሉ ስሟ ወለተ ኪዳን ነው፤ ለትምህርት ከመራዊ ባሕር ዳር ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፤ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ጫማ ሳይቀር ይዋዋሳሉ። ሰብለ ትወዳት ነበር፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ።

በቤቱ አንድ ራውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ የአያቷ ኮምፒውተርና የእናቷ ላፕቶፕ አሉ። ሁሉም በዋይፋይ የተገናኙ ናቸው፤ የሚጣሉበት ቀን ግን ከሚስማሙበት ይበልጣል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንዱ ሌላውን አላውቅህም ይላል። የማስታረቁ ሥራ የሰብለ ነበር። ማንም አላስተማራትም፤ አንዱን ስትጠግን ሌላውን እያበላሸች፣ እናቷ እየተቆጣቻት ነው የለመደችው። ለእያንዳንዱ ብልሽት ደብተሯ ላይ አንድ ገጽ ሰጥታዋለች፤ ቀኑን፣ ማሽኑ ያለውን፣ የሞከረችውንና በመጨረሻ የሠራላትን ትጽፋለች። አንዱን ገጽ ከሁሉም አብልጣ ትወደው ነበር። «ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ለፕሪንተሩ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን በድሮው ቁጥር ይፈልገዋል። ቤት የለወጠ ሰውን በድሮ በሩ እንደ ማንኳኳት ነው» ይላል።

የአይሲቲ መምህራቸው ተክለ ጊዮርጊስ፣ ቤታችሁ ያጋጠማችሁንና ራሳችሁ የፈታችሁትን ችግር ጽፋችሁ አምጡ፣ ከሁሉ የተሻለው ለሥልጠና ይላካል ሲሉ ሰብለ ሥራው ቀድሞ ያለቀላት መሰላት። አሳምሬ እጽፈዋለሁ እያለች ሳምንት አሳደረችው። ኪዲን ሁለት ቀን በቃት። ደብተሩን ከሰብለ ቦርሳ አውጥታ፣ በአያታቸው ኮምፒውተር ተይባ፣ የራሷን ስም ጻፈችበትና አስገባች።

ሰብለ ይህን ያወቀችው መምህሩ ክፍል ፊት ቆመው ሲያነቡት ነው። በድሮ በሩ እንደ ማንኳኳት ነው የሚለው ጋ ሲደርሱ ሳቁ፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም አሉና ክፍሉን አስጨበጨቡ። ስድሳ ልጅ ለኪዲ አጨበጨበ። ሰብለም አጨበጨበች፤ እጇ የሚያደርገውን አላወቀችም ነበር። ከዚያ በኋላ የራሷን ብታስገባ ገለበጠች የምትባለው እሷ ናት።

ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ኪዲን አልጠራችም፣ አልጠየቀችም። ኪዲ እናቷ አጠገቧ የለችም፣ አንቺ ግን ሁሉ ነገር አለሽ፣ ደግሞ አንድ ቤት እኮ ናችሁ አለችና ነገሩን ዘጋችው። ኪዲም ይቅርታ አላለችም። ሦስት ቀን አንገቷን ደፍታ ከረመችና በአራተኛው ቀን ልብስ እያጠበች ማንጎራጎር ጀመረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ሰብለ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታት ተኛች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ላድርጋት ስትል አሰበች።

መጀመሪያ የፕሪንተሩን ገመድ ልትደብቅ ነበር። ግን የተደበቀ ገመድ ደባቂ አለው። የሚያስፈልጋት ሌላ ባለቤት ያለው ብልሽት ነው፤ እሱም እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

አያቷ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ዕድሜ ልካቸውን ከሐይቁ ማዶ ባለች ደብር ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩ፣ በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ በቃላቸው የሚቀምሩ ሰው ናቸው። አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የሚያውቁት ለተማሪ እንዲተርፍ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ኮምፒውተር ላይ መጽሐፍ ይጽፋሉ። የማይታገሡት አንድ ነገር ኮምፒውተሯ ዘመኑን ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ማለቷን ነው። ሰባት ዓመት የሳተች ማሽን ለእኔ ባሕረ ሐሳብ ትጽፍልኛለች እያሉ ይስቃሉ፤ ከዚያ ዓመቱን ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት አድርገው ያርሙላታል። እሳቸው ባረሙ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቆማል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል የደኅንነት ማረጋገጫ አለው፤ ኮምፒውተሯ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ስትመለስ የሁሉም ማረጋገጫ ገና ያልተጻፈ ይሆንባትና አንዱንም አታምንም። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ሁለት ጊዜ ሆነ። ሁለተኛውን ጊዜ ሰብለ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው፤ እሳቸውም ካሁን ወዲያ ጣቴን አላሳርፍባትም ብለው አማትበው ቃል ገቡ።

ሰብለ ጠዋት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ምልክት አጠፋች፤ ልክ እሳቸው እንደሚያደርጉት ወሩንና ቀኑን ትታ ዓመቱን ብቻ ለወጠች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ቢታወቅም አባባ ናቸው ይባላል፤ አባባን ደግሞ ማንም አይቆጣም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ኪዲ ፊቷ በላብ ወዝቶ በረንዳው ላይ ወጣች።

«ሰብልዬ፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ እይልኝ።»

«ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ? የተጨበጨበው ላንቺ ነው።»

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

«ደብተሩን አንብቢያ። መቼም በቃልሽ ይዘሽዋል።»

ኪዲ ተመልሳ ገባች። ሰብለ አንድ ገጽ ገለጠች። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ እንደዚያ ሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም።

ግን ደብተር የተየበ ሰው ጥቂትም ቢሆን አይጠፋውም። ጥቂት ቆይቶ ኪዲ ደብተሩ ላይ ስለ አባባ ዓመት ማረም የተጻፈውን ገጽ አስታወሰችና ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ዓመት አየች። መሪጌታን ከጓሮ ጠራቻቸው። ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ ሰብለ በመስኮቱ በኩል ታያቸው ነበር።

«አባባ፣ ዓመቱን ነክተውታል» አለች ኪዲ።

«እኔ? አልነካሁም ልጄ።»

«ይኸው አሥራ ስምንት ይላል። ከእርስዎ በቀር ማን ይነካዋል? ረስተውት ይሆናል እንጂ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ብለው አዩት። ሰብለ ይስቃሉ ብላ ጠበቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስቀው ነበር። አሁን ግን አልሳቁም።

«እንግዲያ ነክቻለሁ ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቃል መግባቴን አስታውሳለሁ። መንካቴን ግን አላስታውስም።»

ወጥተው በረንዳው ላይ ከሰብለ አጠገብ ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የዘንድሮን ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አበቅቴ አሥራ ሁለት፣ መጥቅዕ አሥራ ስምንት፣ ነነዌ ጥር ሃያ አምስት። ጨረሱና እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ይህ ስሌት እንቅልፍ ይዟቸው እንኳ የማይስቱት ነው።

«ሰብልዬ» አሉ፤ «ከግድግዳው ካላንደር ላይ የዘንድሮን ፋሲካ እይልኝ እስቲ። እኔ ሚያዝያ አራት አልሁ።»

አያቷ ካላንደር አይተው ፋሲካን ሲያረጋግጡ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ካላንደር የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው እሳቸውን መጥተው የሚጠይቁ ሲባል ነው የሰማችው። ገብታ አየችና ተመለሰች።

«ልክ ነው አባባ። ሚያዝያ አራት።»

«እስካሁን ልክ ነው» አሉ። «የእኔንም መምህር መርሳት እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነበር የጀመራቸው። ኋላ የደቀ መዛሙርታቸውን ስም ሳይቀር አጡት። እናትሽ ስትመጣ ያቺን ማሽን ከክፍሌ አውጡልኝ። መጽሐፉም ይቅር። ራሱን ያላመነ ሰው የጻፈውን ለተማሪ ማስተላለፍ ኃጢአት ነው።»

ኪዲ በዚህ መሐል ዓመቱን መልሳ፣ ቅጹን ከፍታና ሞልታ ልታትም እየታገለች ነበር። ፕሪንተሩ ግን ዝም ብሏል፤ ኮምፒውተሯ አልተገናኘም ትላለች። ሰብለ ምክንያቱን ሳታይ አወቀችው። ኪዲ ራውተሩን አራት ጊዜ ነቅላ ስትሰካው ፕሪንተሩ አዲስ ቁጥር ወስዷል። የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኪዲ ገጹን ቃል በቃል ተይባዋለች፤ መሥራቱን ግን አታውቅበትም።

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ሆነ። አሁን ሰብለ ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ቅጹ ይዘጋል፣ ኪዲ ትቀራለች፣ የማንም እጅ የለበትም። ሦስት ሳምንት የተመኘችው ነገር በራሱ እግር መጥቶላታል። አጠገቧ ግን አያቷ ለአራተኛ ጊዜ ከአበቅቴ ጀምረዋል፤ መጥቅዕ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ፣ ጣታቸውን አዩት፣ እንደገና ቆጠሩ።

ብትናገር የሚሆነውን ታውቃለች። እስከ ዛሬ የተበደለችው እሷ ናት። ከተናገረች በኋላ ግን በዳይዋ ሰብለ፣ ተበዳይዋ ኪዲ ትሆናለች፤ እናቷም በዚህኛው ጊዜ ነገሩን አትዘጋውም። ይህን ስታስበው አንገበገባት። ማንንም ከመጥላቷ በላይ በዚያች ደቂቃ ኪዲን ጠላቻት።

«አባባ» አለች። «ዓመቱን የለወጥሁት እኔ ነኝ።»

መሪጌታ ጣታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ጠዋት ነው፣ እርስዎ ቅዳሴ ላይ ሳሉ። እርስዎ አልነኩትም። ምንም አልረሱም።»

«አልነካሁም» አሉ ለራሳቸው። ትከሻቸው ሲላላ አየችው። ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ አሁን ዓይናቸው የአያት ሳይሆን የመምህር ነበር። «ለምን?»

«ኪዲ ቅጹን እንዳትልክ ብዬ ነው።»

«ኪዲ ምን አደረገችሽ?»

ኪዲ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። እዚያ ቅጽ ግርጌ ላይ ቤተሰብ የሚፈርምበት አንድ መስመር አለ፤ ሥራው የልጅቱ የራሷ መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። መምህሩ ክፍል ውስጥ አንብበውላቸው ስለነበር ሰብለ ታውቀዋለች። ፈራሚው ደግሞ አባባ ናቸው፤ አባባ ለልጃቸው ሲሉ እንኳ ውሸት ላይ የሚፈርሙ ሰው አይደሉም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሦስት ሳምንት ያዘጋጀችው ንግግር በሙሉ ምላሷ ላይ ነው፤ ደብተሩ፣ ቦርሳው፣ ጭብጨባው። ኪዲን አየቻት። ኪዲ አልለመነቻትም፤ እግሯን እግሯን ታያለች።

«እሷ ትንገርዎት» አለች ሰብለ፤ ተነሥታም ገባች።

ራውተሩ ላይ የተመዘገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፈተች፤ የፕሪንተሩን አዲስ ቁጥር አግኝታ በድሮው ቁጥር ቦታ ጻፈችው። ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀቱን ሳበ። ገጹ ትኩስ እንደሆነ ወጣ። ሰብለ ከላይ ያለውን የኪዲን ስም አየች፤ ከታች ያለውን መስመርም አነበበች። ቀድዳ ብትጥለው በወደደች። አልቀደደችውም። እስክሪብቶ ጨምራ በሩ ድረስ ወሰደችና ለኪዲ ሰጠቻት።

«ለአሥራ አንድ ሃያ ደቂቃ ይቀራል» አለቻት።

መሪጌታ ለመፈረም እጃቸውን ዘረጉ። ኪዲ ግን ወረቀቱን አልሰጠቻቸውም። ደረቷ ላይ ይዛው ሄደችና ከእግራቸው ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሰብለ ወደ ክፍሏ ልትገባ ዞራ ነበር፤ ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች። ይህን ከኪዲ አፍ ለመስማት ሦስት ሳምንት ጠብቃለች። መቃኑን ተደግፋ ቆመች።