ጋሼ የያዙት ትንፋሽ

ይሄ ታሪክ ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ በራሴ የደረሰ ነው። ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ፣ የሆስፒታሉ ራጅ ክፍል ውስጥ...

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። መምህሬም አላመነኝም።

የራጅ ባለሙያ ለመሆን እየተማርኩ ነው። መማር ካላችሁት። ማሽኑ ከተበላሸ ወራት አልፎታል፤ መለዋወጫው ሁሌ "እየመጣ ነው"። መምህራችን ባሕር ማዶ ሆኖ በስክሪን ያስተምረናል፣ ያውም ኔትወርኩ ደስ ሲለው። ለልምምድ ያለን አንድ አሮጌ የደረት ፊልም ብቻ ነው።

የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ "ጋሼ" እንላቸዋለን።

ያነሳቸው የቀድሞው ባለሙያ "አየር ይሳቡ... ይያዙ..." ብሎ ቁልፉን እንደተጫነ መብራት ጠፋ አሉ። "ይተንፍሱ" ሳይላቸው ጄኔሬተር ሊያስነሳ ሮጠ።

ሲመለስ ሰውየው የሉም።

ሸሚዛቸው ግን ወንበሩ ላይ ነበር።

"ጋሼ እስካሁን ትንፋሻቸውን ይዘዋል" እያልን እንቀልድ ነበር።

ያን ቀን ፈተና ነበረኝ። ከወደቅኩ ዓመቱን እደግማለሁ። የተወለድኩበት ከተማ ራጅ የሚያነሳ ሰው የለም፤ እናቴ ለሳሏ ስትል ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትውላለች። እሷን ከዚህ መንገድ ላሳርፋት ነው የምማረው።

ጓደኛዬ ፊልሙን ከውስጡ መብራት ባለው የመስታወት ሰሌዳ ላይ ሰቀለልኝ። ጥያቄው የታወቀ ነው። አየር በደንብ የሳበ ሰው ፊልሙ ላይ አሥር የጎድን አጥንት ይቆጠርለታል፤ ከተነፈሰ ቁጥሩ ይቀንሳል። ጋሼም አሥር አላቸው። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም አሥር።

ግን የልባቸው ጠርዝ ደብዝዟል...

ታካሚ ትንፋሹን መያዝ ሲያቅተው ፊልሙ እንደዚያ ይደበዝዛል። ትናንት ጥርት ያለ ነበር።

"አየህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"እየተንቀጠቀጡ ነው።"

"በናትሽ... አሥር በይና ውጪ።"

ጠርዙ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አንጀቴ አልቻለም።

"ጋሼ... ይተንፍሱ።"

መስታወቱ ጉም ለበሰ። በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ አልጠረግ አለኝ።

ጉሙ ከውስጥ በኩል ነው...

መምህሩ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። "ስንት የጎድን አጥንት ይታይሻል?"

ቆጠርኩ። ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ... ስምንት።

ጓደኛዬ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በከንፈሩ ብቻ "አሥር" ይለኛል። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ ብሎ ያስተማረኝ ግን ራሱ መምህሩ ነው።

"ስምንት" አልኩ።

"እኔ ጋ ቅጂው አለ፤ አሥር ነው። ፊልም አይለወጥም።"

ወደቅኩ። በቃ፣ አንድ ዓመት ገደል ገባ። ንዴቱ ፍርሃቴን እንኳ አስረሳኝ። እናቴ ደውላ "አለፍሽልኝ?" አለችኝ። እየሳለች ነበር።

ፈተናው ካለፈ በኋላ አይደል መለዋወጫው የመጣው! ባለፈው ሳምንት ማሽኑ ተነሳ። እናቴም በአውቶቡሷ መጣች። ያነሳኋት እኔ ነኝ።

"እማዬ፣ አየር ሳቢ... ያዢ..."

እማዬ ሳበች።

ከጀርባዬም ሌላ ሰው አየር ሲስብ ሰማሁ...

ቁልፉን ተጫንኩ። "ተንፍሺ!" አልኳት በችኮላ። ተነፈሰች፣ ሳለች፣ ሹራቧን መልበስ ጀመረች።

ዞር ብዬ ሰሌዳው ላይ የተሰቀለውን የጋሼን ፊልም አየሁ። አሥር።

እማዬ የሹራቧን ቁልፍ እየቆለፈች ቀና አለች።

"ልጄ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ከኋላሽ የቆሙት ሰውዬ አይበርዳቸውም? ሸሚዝ እንኳ አልለበሱ።"