ክዳኑ የተከፈተው ብልቃጥ

ዶክተር አወቀ እንጅባራ ውስጥ በሩ ከውጭ በተቀረቀረ ጠባብ ቤተ ሙከራ ሞቶ ተገኘ። ብርዱን ፈርቶ የመስኮቱን ሽንቁር ሁሉ በፕላስቲክ የደፈነው ራሱ ነበር። ኮሪደር ላይ ከቆመው ሲሊንደር በቱቦ የገባው ናይትሮጅን ኦክስጅኑን አስወጥቶ ጨረሰው፤ ጋዙ ሽታ የለውምና ሰውየው ሳያውቀው አለቀ።

ሲሊንደሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው የዶክተሩ ተማሪ የምሥራች ስለሆነች ካቴና ገባላት። «ዘግቼው ነው የወጣሁ!» ትላለች፤ ማን ይስማት?

ኢንስፔክተር ደጊቱ ሰው ሲያለቅስ የማትራራ፣ ሲያወራ ግን የማታቋርጥ ሴት ናት።

«ናይትሮጅኑ ለምናችሁ ነው?»

«ጋሽ አወቀ ለስልክ ስክሪን ብርሃን የሚሰጥ፣ ኢሪዲየም የሚባል ብረት ያለበት ውህድ ይነድፉ ነበር። ፈሳሹ ኦክስጅን ካገኘው ብርሃኑ ይደክማል። ስለዚህ ናይትሮጅን እንነፋበትና ወዲያው እንከድነዋለን» አለች የምሥራች።

ከውህዱ ስክሪን የሚሠራው ዶክተር ዓለምነው ቀጠለ።

«ስወጣ በበሩ መስታወት አየሁት፤ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይሠራል። ውህዱን በሚያበራው ሐምራዊ መብራት ሥር ክዳኑ የተከፈተ ብልቃጥ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ብሏል። የምሥራች ወደዚያው ስትሄድ ተላለፍን።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

ጥበቃው ቢሻው ደግሞ ቀን ላይ አወቀና ዓለምነው ሲጨቃጨቁ ሰምቷል። «ዶክተር አወቀ ‹ስለ ስክሪንህ ዕድሜ ያወጣኸው ውሸት ነው፤ ነገ ለሁሉም እናገራለሁ› አሉት» አለ።

ደጊቱ ሦስቱንም እዚያችው ክፍል ሰብስባ በሩን ዘጋች። ቢሻው ትንፋሹን ዋጠ።

«የምሥራች፣ መብራቱ ሥር ያለው ብልቃጥ ላይ ናይትሮጅን ንፊበትና ክደኚው።» ብልቃጡ አረንጓዴ ሆኖ በራ። «አሁን ክዳኑን ክፈቺና ነቅንቂው።»

ብርሃኑ እያዩት ደበዘዘ።

«ዶክተር ዓለምነው፣ እርስዎ የሚያውቁት በመስታወት የታሸገ ስክሪን ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ይበራል። ክፍት ብልቃጥ ቦግ ብሎ ካዩ ግን ክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን አልነበረም። ኦክስጅን ከሌለ አወቀ እየሠራ አልነበረም፤ ሞቶ ነበር፤ በራስዎ ቃል ደግሞ የምሥራች ገና አልደረሰችም። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ እያዩ ያልከፈቱት የቀረቀሩት እርስዎ ስለሆኑ ነው። ሲሊንደሩም እጅዎ ሥር ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዓለምነው በሩን አየ፤ ደጊቱ ፊቱ ቆማለች።

«ጋዙ ይበቃ ነበር። መቀርቀሩ ለምን አስፈለገ?»

«ከወጣ... ዓይኑን የማይበት ዓይን አልነበረኝም» አለ።

ካቴናው ከየምሥራች እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ። ቢሻው «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ» ቢላት ራሷን ነቀነቀች።

«እስካሁን የፈራሁት ለራሴ ነበር። ጋሽ አወቀን ገና አላለቀስኳቸውም» አለችና፣ መምህሯ ሞቶ የተገኘበት ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣ ጮኻ አለቀሰች።