ወንዝ የተሻገረው ብልቃጥ

ኦሼክ ሲሞት የደሙ ከረጢት ግማሹ እንኳ አልወረደም ነበር። ደሙ የተሰቀለው ሊያድነው ነው። እሱ ግን «ጀርባዬ ተቃጠለ!» እያለ ተንዘፈዘፈ፣ ሽንቱ እንደ ከርከዴ ሻይ ቀላ፣ ረፋዱ ላይም አለፈ።

መንትያው ታጁዲን መርማሪ ሸንገራይን አስጠራ። ሸንገራይ ማለት ግመል ሲያስነጥስ ሰምቶ የባለቤቱን ስም ከነአያቱ የሚናገር ሰው ነው ይባላል። ትንሽ ተጋኗል፤ አያቱን አንዳንዴ ይስታል። ፖሊስ ሳይሆን በፊት ግን ስድስት ዓመት በጦር ሰፈር ላቦራቶሪ የወታደር ሽንትና ሰገራ ሲመረምር ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አያስደነግጠውም።

ፍርዱ እሱ ሳይደርስ አልቆ ነበር። «ገዳይዋ ኢኽላስ ናት!» ይላል ዘመድ ሁሉ። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የበሽተኛ ደም በዘመድ እጅ ድልድዩን ተሻግሮ ማዶ የግል ላቦራቶሪ ወዳላት ወደ ኢኽላስ ይሄዳል። የኦሼክን ደም ትናንት «ቢ» ብላ ጻፈች። ዛሬ የቢ ደም ተሰጠው፣ ሞተ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ መኪና እሷን ወደ ወህኒ ሊወስድ ግቢው ውስጥ ቆሟል።

«አጎቴ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያየሁት» አለች ኢኽላስ። «ከለጋሹ ደም ጋርም ቀላቅዬ አይቻለሁ፤ ተስማምቷል። አብጃለሁ እንዴ?»

«ብታብጂ ይሻልሽ ነበር፤ እብድ አይታሰርም። ወረቀቱን አምጪ።»

ወረቀቱ፣ የደም ዓይነት ቢ፣ የደም መጠኑን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን አሥራ አምስት ይላል። የሸንገራይ ጣት አሥራ አምስቱ ላይ ቆመች።

«ይህንን ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ይበላሻል ብዬ ነው።»

ደሙን የቀዳችው ሲስተር ሱዓድ ነበረች።

«በሽተኛው ሲገባ ምን ይመስል ነበር?» አላት።

«ሁለት ቀን ደም ያስታወከ ሰው ምን ይመስላል? እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር! ጣቱን ወግቼ ስለካው አምስት ነው።»

«አምስት? እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለቴ ለካሁት። ያቺ ልጅ አሥራ አምስት አለች አሉ። ቸርነቷ በዛ!»

«ከዚያስ?»

«አምስት ቦታ ወግቼ ሁለት ብልቃጥ አገኘሁ። አንዱን ታጁዲን ይዞ ሄደ። ሌላው ለኩላሊት ምርመራ የተቀዳው፣ ወሳጅ አጥቶ ይኸው ፍሪጅ ውስጥ አለ።»

ታጁዲን ግቢው ውስጥ ለዐሱር ሶላት ሊታጠብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ተቀምጧል። ሸንገራይ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ ደም ሲፈለግ አንተ ለምን አልሰጠህም?»

«ለምኛቸው ነበር። አምና የወፍ በሽታ ይዞኝ ነበር ብላቸው ከለከሉኝ።» እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። «አጎቴ፣ ያችን ሴት እንዳትለቃት። አደራ።»

ግራ ክርኑ መታጠፊያ ላይ የተምር ፍሬ የሚያህል ሰማያዊ በልዝ ነበር፤ መሐሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ። ሸንገራይ እንዳላየ ሆነ። ምነው ባላየሁት ኖሮ፣ አለ በሆዱ።

ከሶላት በኋላ ሁሉንም ባዶው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበ፦ ኢኽላስን፣ ሱዓድን፣ ታጁዲንን፣ እናትየዋን ሃጃ ፋጥናን፣ ሹፌሩን ፖሊስ።

«ሱዓድ አምስት አለች፤ አልተሳሳተችም። ኢኽላስ አሥራ አምስት አለች፤ እሷም አልተሳሳተችም» አለ። «ግን ደም ድልድይ ስለተሻገረ ሦስት እጥፍ አይሆንም። ቢሆንማ እኛ ስንመላለስ የኖርነው ዝሆን አክለን ነበር።»



«ከዚህ የወጣው የበሽተኛ ደም ነው። እዚያ የደረሰው የጤነኛ ነው። መሐል ላይ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ደም አልለገሰም፤ ክንዱ ላይ ግን መርፌ ገብቷል። ኢኽላስ፣ ሥሪ።»

ኢኽላስ ከማዶ ያስመጣችውን ነጭ የደም መመርመሪያ ሸክላ ዘረጋች። ማዶ ከደረሰው ብልቃጥ የተረፈውን ጠብ አድርጋ ቢን ከሚለየው ቢጫ ፈሳሽ ጋር ስትቀላቅለው እንደተበላሸ ወተት ተቋጠረ፦ ቢ። የፍሪጁን ደም ኤን በሚለየው ሰማያዊም በቢጫውም ሞከረችው፤ ልስልስ እንዳለ ቀረ።

«ኦ ነው» አለች። «የቢ ደም ይገድለዋል።»

ታጁዲን ሳይጠየቅ ጣቱን ዘረጋ። የእሱም ተቋጠረ።

«ባጃጁ ድልድዩ ላይ ሲነጥር ብልቃጡ ወድቆ ተሰበረ» አለ፣ ዓይኑን ከሸክላው ሳይነቅል። «እናቴ ‹የቀረችውን ደም አትጨርሱበት!› እያለች ስትጮህ ሰምቼ ነው የወጣሁት። ተመልሼ እንደገና ውጉት ልበል? ፋርማሲ ገብቼ ከራሴ አስቀዳሁ። መንታ ነን እኮ! በአንድ ሆድ ያደርን፣ በአንድ ቀን የተወለድን። የሚነገር ነገር መስሎኝም አያውቅ።» ከዚያ ቀና አለ። «ለካ እንለያያለን?»



ፖሊሱ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። «ታዲያ ማንን ልጫን?»

«እኔን!» አለች ሃጃ ፋጥና ተነስታ። «የጮህኩት እኔ ነኝ።»

ሸንገራይ አስቀመጣት። ታጁዲን ግን ሳይጎትቱት ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ። ኢኽላስ «ነፃ ነሽ» ቢሏትም አልሄደችም፤ ሸክላውን ደጋግማ ታጥባለች።

ሸንገራይ ሲወጣ በሩ ላይ ሱዓድ ለአንድ ሽማግሌ ብልቃጥ ታቀብላለች፤ የልጁ ደም ነው።

«ቀጥ አድርገው ይያዙት አባባ። ማዶ ነው።»

ሽማግሌው ብልቃጡን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ድልድዩ አዘገመ። ሸንገራይ ከኋላው ተከተለው፤ ብልቃጡ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርግለት ግን እሱም አያውቅም።