ያልመጣው ትኩሳት

የልጇ የውብአየሁ ሠርግ ሲቃረብ አልጋነሽ ለድግሱ እህል እንዲወጣ ጓሮ ያለውን የማሽላ ጉድጓድ አስከፈተች። በየዓመቱ ገብታ የምትዝቀው ቀጭኗ ውብአየሁ ነበረች፤ ዘንድሮ ግን በጉድጓዱ አፍ ለመግባት ተቸገረች። እናትየው ይህን አይታ በሆዷ ደስ አላት። ሙሽራ ከስታ አትታይም ብላ ከሱቅ ገዝታ የምትሰጣት የመወፈሪያ ክኒን ሠርቷል ማለት ነው።

ከታች ዝናብ ሰርጎ ያሻገተው ማሽላ ሽታ ወጣ፤ እርጥብ፣ ከባድ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ። ውብአየሁ ስትወጣ ሽፋሽፍቷ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ነበር። እየሳቀች አራገፈችው።

ጉድጓዱ ተመልሶ ተዘጋ፣ ሽታው ግን መኝታ ቤት ገባ። አልጋነሽ አንሶላውን አጠበች፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ ግድግዳውን ሳይቀር አሸተተች። ልጅቷ ስታወራ ደግሞ ይበረታል። ደረቅ ሳል ጀምሯታል፤ እናቷ ግንባሯን እየዳሰሰች፣ "ትኩሳት የለሽም ልጄ፣ ጉንፋን ነው" ትላታለች። ወሬ የማያልቅበት ጎረቤት ሁሉ ፊቷ ጨረቃ መሰለ እያለ ያደንቃል። አልጋነሽም ሳሉ እንዳያከሳት ብላ ክኒኑን ጨመረችላት።

አንድ ከሰዓት ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ አልጋነሽ ጆሮዋን የልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ከትንፋሹ ሥር፣ ትንፋሹ ሲያርፍ እንኳ የማያርፍ፣ እህል ውስጥ የሚሄድ ነገር የሚመስል መንኮሻኮሽ ሰማች። ውብአየሁ ነቃች፣ ሳልም ያዛት፤ አፏ ላይ በያዘችው መሐረብም ላይ ደም ወጣ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ "ሻጋታው ውስጧ በቅሏል" አለ። "ሻጋታ ሁላችንም እንተነፍሳለን እናቴ። ነጭ የደም ሴሎቻችን ሳይበቅል ይውጡታል። ውጊያው ሲበረታ ነው ትኩሳት የሚመጣው። የእሷን ግን አንድ መድኃኒት አስተኝቷቸዋል። ምን ስትወስድ ነበር?"

"የመወፈሪያ ክኒን። እኔ ነኝ የሰጠኋት" አለች አልጋነሽ።

"ሕክምናውን ጀምረናል" አለ ሐኪሙ። "ግን ትኩሳት ቢኖራት ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰውነቷ መታገል ጀመረ ማለት ነው።"

ከዚያ ወዲያ አልጋነሽ የምትጸልየው ልጇ እንድታተኩስ ነበር። የትኛዋ እናት እንዲህ ብላ ትጸልያለች? ውብአየሁ ግን እንደ ቀዘቀዘች፣ ያ ያማረ ፊቷም ሳይከሳ፣ ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። "እማዬ፣ እጄን ያዢኝ" አለቻት። አልጋነሽ በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ እየተነፈሰችበት ተቀመጠች።

ሊነጋጋ ሲል ሳሉ ተወ። መንኮሻኮሹም የለም። በመዳፎቿ መካከል ያለው እጅ ሞቋል፤ አልጋነሽ ደጋግማ ዳሰሰችው፣ እውነትም ሞቋል። እያለቀሰች ነርሷን ጠራቻት።

"ነይልኝ የኔ ልጅ፣ ትኩሳቱ መጣላት።"

ነርሷ የውብአየሁን ግንባር ዳሰሰች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ ከዚያም ያን እጅ ከእናቲቱ መዳፍ ቀስ አድርጋ እያላቀቀች፣ "እናቴ፣ ሙቀቱ የእርስዎ ነው" አለቻት።