ሳይቀላ የተሰፋው መሶብ

«ቀላ?» አለች ደጊቱ።

ደርበው የስንደዶውን እስር በእንጨት ከምንቸቱ አወጣና ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ውኃው እየተንጠባጠበ እግሩ ላይ ወረደ። አልቀላም። ቡኒ ነበር፤ ዝናብ ሲመታው የከረመ የአጥር እንጨት የሚመስል ቡኒ።

እናቱ ደጊቱ ገና ጠዋት ነግራዋለች። «እንጭብር አኩራፊ ሥር ነው። ለብ ባለ ውኃ ቀስ እያለ ቀዩን ይሰጥሃል፤ ካፈላኸው ግን ቡኒ ሆኖ ይቀራል። ጣትህን ስትነክር ሊያስችልህ ይገባል። ከእሳቱ አጠገብ ንቅንቅ እንዳትል!» እሺ ብሏት ነበር። ሥሩንም የቆፈረው ራሱ ነው፤ ሐረጉ ሱሪው ላይ እየተጣበቀበት። ከዚያ ጓደኛው አየነው ስልኩን ይዞ አጥሩ ጋ መጣ። «ና፣ አንዷን ጎል ብቻ እይ!» አንዷ ጎል አምስት ሆነች። ሲመለስ ምንቸቱ ይንተከተክ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ቀላ ወይ እያልኩህ?»

«ቀልቷል።»

«ምን ያህል?»

«እንደ… እንደ በርበሬ። እንደ ዛላው።»

ደጊቱ በረዥሙ ተነፈሰች። «ተመስገን! በል ከጥላው ስቀልልኝ።»

ካለፈው ክረምት ወዲህ የደጊቱ ዓይን ጭጋግ ለብሷል። የሰው ጥላ ታያለች፣ ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ቀለም ግን ከድቷታል። ይህን ከደርበው በቀር የሚያውቅ የለም። ጥሊሊ ገበያ ሲወጡ ክንዱን አጥብቃ ስትይዘው፣ ሰው «ልጅሽ እንዴት ቢወድሽ ነው!» ይላታል። «እንጅባራ ሐኪም ቤት ሄደን እንታይ» ሲላት «እጄ ያያል» ብላ ትዘጋዋለች። ዓይኗ መድከሙ ከተሰማ መሶብ የሚያሰፋት እንደማይኖር ታውቃለች። ከመሶብ ሌላ ደግሞ ሙያ የላትም።

ይህኛው የቤዛዊት መሶብ ነው። ቤዛዊት በጥር ታገባለች። እናቷ እትዬ የምሥራች፣ «የሱቅ ቀለም ትኩስ እንጀራ ሲያገኘው ይለቃል፤ ያንቺ እንጭብር ይሁንልኝ» ብለው ነው ያዘዙት።

በማግስቱ አለላው ደርቆ ደጊቱ ወስፌዋን አነሳች። አንድ ዙር ነጭ፣ አንድ ዙር «ቀይ»። እየሰፋች በአገውኛ ታንጎራጉራለች። ደርበው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የሒሳብ የቤት ሥራውን ከፈተ። አንዱንም ሳይሠራ ገጹን ገለበጠው፤ መልሶም ገለበጠው።

«ደርቤ፣ ነጩና ቀዩ ተጣሉ ወይስ ተስማሙ?»

«ተስማምተዋል።»

«አንተ ባትኖር እኮ ይሄኔ አረንጓዴውን ቀይ ብዬ ሰፍቼ የአገር መሳቂያ ነበርኩ» ብላ ሳቀች።

ደርበው ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

በዚህ መሃል ከመንገዱ በኩል የእትዬ የምሥራች ድምፅ ተሰማ። ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ደጊቱ ተነቃነቀች። «መሶቡን ልታይ ነው የመጣችው! ቶሎ በል፣ ቆሎውን አቅርብ። መሶቡን አዙረው፤ የአለላው ወገን በበሩ በኩል ይታያት።»

ደርበው ቆሎውን አቀረበና መሶቡን ያዘ። አላዞረውም።

«እማ… ቀይ አይደለም።»

«ምን?»

«ፈልቶብኛል። ቡኒ ነው።»

ደጊቱ አውራ ጣቷን በዙሮቹ ላይ አስኬደች። ጣቷ ግን ምንም አልነገራትም። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ስትናደድ የሚቀናት እሱ ነው። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ትናንት ስጠይቅህም ቡኒ ነበር?»

«ትናንትም።»

ሌላ ለማለት ጊዜ አልነበረም። እትዬ የምሥራች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ፤ ዓይናቸው መሶቡ ላይ አረፈ።

«ውይ! ደጊቱ፣ ምን ነካሽ? ይሄ የሰርግ ነው የለቅሶ? ዓይንሽ እያየ እንዴት ትሰፊዋለሽ?»

ደርበው መሶቡን ወደ ራሱ ሳበው። «እኔ ነኝ ቀይ ነው ያልኳት» ቢል የእናቱ ምስጢር ይወጣል። ዝም ቢል ደግሞ ሙያዋ እዚሁ ሊቀበር ነው። እናቱ እጇን ዘርግታ ስትፈልግ ጉልበቱን አገኘችውና ያዘችው።

«አላየሁትማ፣ የምሥራች» አለች። «ከክረምት ወዲህ ዓይኔ ቀለም አይለይም። ደበቅሁሽ።»

«ቀይ ነው ያልኳትም እኔ ነኝ» አለ ደርበው። «ጥዬው ሄጄ ፈላ። ከዚያ ዋሸኋት።»

እትዬ የምሥራች ሁለቱንም አፈራርቀው አዩአቸው። «ቆይ፣ ደጅ ልቀመጥ» አሉ። ቆሎውን ከነሰፌዱ አንስተው ወጡና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ደጊቱ ወስፌውን አቀበለችው። «ፍታው። ነጩን ግን እንዳትበጥስብኝ።»

ደርበው መፍታት ጀመረ። ቡኒው አለላ እየተጠማዘዘ ጭኑ ላይ ወደቀ። አንድ ዙር ሲያልቅ እናቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«እስቲ አጮልቅና ፊቷን እየው። ምን ትመስላለች?»

ደርበው ከበሩ ጥግ አጮለቀ። «ደህና ናቸው» ሊል ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«ተቆጥተዋል» አለ። «ግንባራቸው ተቋጥሯል። ብቻቸውን እያወሩ ነው።»

«ልትሄድ ነው?»

«እንጃ። ግን ቆሎውን እየቃሙ ነው።»

«ምን ያህል ቀረ?»

«ከግማሽ በታች።»

ደጊቱ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ላላ። «እንግዲያው ዶማውን ያዝና ውጣ። በአጠገቧ ስታልፍ እንጭብር ልቆፍር ነው በላት፤ ብትቆጣህም ቁም፣ ስማት።»

«ቆሎውስ?»

«ጨምርላት።»