ሎሚ ያቆማት መኪና

ቫይዴሂ በትምህርት ቤቱ የፈጠራ ሥራዎች ዐውደ ርዕይ ላይ፣ ከመኪናዋ አጠገብ የቆመውን ካርድ ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ራሷን የምታቆም መኪና። የሠራችው፦ ምሩናል፣ ዘጠነኛ ክፍል።» ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው መኪና ግን ያቺው ናት። አካሏን ሁለቱ ጓደኛሞች አብረው ከካርቶን ቆርጠውታል። እንቅፋት ሲያይ ሞተሩን የሚያጠፋውን የፊቱን ሴንሰር ግን ቫይዴሂ ለብቻዋ ናት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣቷን እያቃጠለች የበየደችው።

«ምሩ፣ ስሜ የት አለ?»

ምሩናል ጎማውን በመሀረብ መወልወሏን አላቆመችም። «ቅጹ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ቦታ ያለው። አንቺ ደግሞ ትኩሳት ይዞሽ ተኝተሽ ነበር። ምን ላድርግ?»

«ደውለሽ አትጠይቂኝም?»

«አቦ አታካብጂ! ከተመረጥኩ ሁሉንም እነግርሻለሁ እኮ።»

ከተመረጥኩ። ከፑኔ ከተማ ዳር ካለው የመኪና ፋብሪካ የመጣችው ኢንጂነር ዛሬ ሥራቸውን የወደደችላቸውን ልጆች፣ ሾፌር የሌላቸው መኪኖች ወደሚሞከሩበት ክፍል ለሁለት ሳምንት ታስገባለች። የቫይዴሂ አባት እዚያው ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት የመኪና በር ሲገጥም ኖሯል፤ ያንን ክፍል ግን በመስኮት እንኳ አይቶት አያውቅም። «እኔ ያላየሁትን አንቺ ታዪልኛለሽ» ይላታል እራት ላይ።

የቫይዴሂ ዓይን ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ሄደ። ካርዱ ላይ ሁለት ስም ተጽፏል። 

ኢንጂነሯ ደረሰች። ምሩናል ቁልፉን ተጫነች። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ደግማ ተጫነች። «ሂጂ እንጂ!»

ከኋላ የቆሙት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። «ባትሪ ሳይሆን ሣር ነው የምትፈልገው! ገለባ አምጡላት!»

ቫይዴሂ ወዲያው ገባት። የምሩናል እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ አዲስ መኪና ላይ እንደሚያደርገው፣ ከሰው ዓይን እንዲጠብቃት ብለው አንድ ሎሚና ሰባት ቃሪያ በክር ሰክተው ከፊቷ አንጠልጥለውላታል። ሎሚው ከሴንሰሩ ፊት ተደንቅሯል። መኪናዋ አልተበላሸችም፤ እንቅፋት አይታ ነው የቆመችው።

ዝም ብትልስ? ማንም አያውቅባትም። ምሩናል ግንባሯን ላብ ችፍ ብሎባት ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፦ «እባክሽ።»

ኢንጂነሯ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ልታልፍ ስትል ቫይዴሂ ክሩን ፈታ ሎሚውን ከመኪናዋ ኋላ አሰረችው። ቁልፉን ተጫነች። መኪናዋ ተፈተለከች፤ ኢንጂነሯ መዳፏን ከፊቷ ስታቆምባት ቀጥ አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አለቻት ኢንጂነሯ።

ምሩናል ቀደመቻት። «ጓደኛዬ ናት። አንዳንድ ነገር ስታቀብለኝ ነበር።»

አንዳንድ ነገር። ቫይዴሂ የተቃጠሉ የጣቶቿን ጫፎች አየች።

«እስክሪብቶ ያውሱኝ?» አለች ኢንጂነሯን።

ባዶው ቦታ ላይ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፤ ከጎኑም «ሴንሰሩን የሠራችው» ብላ ጨመረች። የምሩናልን ስም አልሰረዘችውም።

ትምህርት ሲያልቅ ምሩናል እንደ ሁልጊዜው ብስክሌቷን በሩ ላይ አቁማ የኋላውን መቀመጫ በእጇ መታ መታ አደረገች። «ነይ፣ ውጪ።»

ቫይዴሂ የቦርሳዋን ማንገቻ አጠበቀች።

«ዛሬ በእግሬ ነው የምሄደው» አለችና መንገዱን ተሻገረች።