ሰባተኛው ዓረፍተ ነገር

ቅዳሜ ጠዋት ጨማቂው የእታለምን ቀኝ ክንድ ሁለት ቦታ ሰበረው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጥፋቱ የራሷ የእታለም እንደሆነ በወረቀት ሰፍሮ፣ ማህተም አርፎበት አልቆ ነበር።

ጨማቂው ከታጠበ አንሶላ ውሃ የሚያወጣ፣ በርሜል የመሰለ ማሽን ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው የብረት ቅርጫት ዓይን እስኪያዞር ይሽከረከራል። አፉ ላይ ጣት የምታክል ቁልፍ አለች፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይጫናታል፣ ሲከፈት ይለቃታል፣ ማሽኑም ይቆማል። ቁልፏ እየሠራች ሰው እጁን የሚሽከረከር ነገር ውስጥ ሊከት አይችልም። ወረቀቱ ግን «ሠራተኛዋ ክዳኑን በጉልበት ከፍታ እጇን አስገባች» ይላል።

ወረቀቱ እንደሚዋሽ የሚያውቁ የልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች በሙሉ ናቸው። እውነቱን በጽሑፍ የያዘችው ግን አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻ ናት፤ የጻፈችውም በጃፓንኛ ነው።

ልጅቷን ቆቅ ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ። ቆይቶ ትምህርት ቤትም ደረሰና አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ ቆቅ ይሏት ጀመር። እናቷ የልብስ ማጠቢያው የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ ናት። የሆቴል አንሶላ ያጥባሉ፣ የክሊኒክ ጋውን ያጥባሉ፤ ሁሉም ሁልጊዜ ለትናንት የሚፈለግ ነው።

ጃፓንኛውን የሚያስተምራቸው በወጣትነቱ መርከብ ላይ መካኒክ የነበረ ቀጭን ሰውዬ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ተሰጥቶታል፣ አሥራ አንድ ተማሪዎች አሉት። ያለፈው ማክሰኞ ወደ በሩ ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

«ዶኣ ጋ አይቴ ኢማስ» አለ። «በሩ ክፍት ነው። ማን ከፈተው? ነፋስ ይሁን ሰይጣን አናውቅም፣ ግድም የለንም። የምናየውን ብቻ ነው ያልነው።» ከዚያ በሩን ዘጋው፣ ቀስ ብሎ መልሶ ከፈተውና ወደ ቦታው ተመለሰ። «ዶኣ ጋ አኬቴ አሪማስ። በሩ ያው በር ነው፤ አሁንም ክፍት ነው። ግን አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ ብሎ ከፍቶ ትቶታል። የሰውዬውን ስም አትጠሩም። ቢሆንም እዚህ ክፍል ውስጥ እንዳለ ይሰማችኋል።»

ሁሌ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የማይጠፋው፣ ዲጄ የሚሉት ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። የትኛው ነው?»

«ወድቀህ ነው የተቀደደው?»

«ኧረ ሲገዛም እንደዚህ ነው። ፋሽን ነው ባክዎት።»

«እንግዲያው አሪማስ ነው። አንድ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ አንተን እያሰበ ቀዶልሃል።»

ሳቁ። የቤት ሥራው አሥር ዓረፍተ ነገር ነበር፦ በቤታችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ሥራ ቦታ፣ ሰው ሆን ብሎ አድርጎ የተወውን ነገር ፈልጋችሁ ጻፉ።

ሐሙስ ዕለት ቆቅ ልብስ ማጠቢያው ጓዳ ውስጥ፣ በታጠፉ አንሶላዎች ላይ ተቀምጣ ጻፈች። እንፋሎቱ ወረቀቱን ያረጥበው ነበር። አንድ፦ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማስታወቂያው ከሥራ ደህንነት ቢሮ የመጣ ነው፤ አደጋ ሲደርስ የት እንደሚያመለክቱ ከነአድራሻው ይናገራል። ጠርዙ በእንፋሎት ተጠቅልሏል፣ ሲያነበውም አንድ ሰው አይታ አታውቅም። ሁለት፦ መስኮቱ ተከፍቷል። ሦስት፦ ቅርጫቶቹ ተደርድረዋል። እንዲህ እያለች ወደ ጨማቂው ዞረች።

ሰባት፦ ስዊቺ ኒ ቴፑ ጋ ሃቴ አሪማስ። ቁልፏ ላይ ናስትሮ ተለጥፏል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ጥቁር ናስትሮ ነው። ቁልፏን እንደተጫነች ጠፍሮ ይዟታል። ክዳኑ ተከፈተም ተዘጋ ማሽኑ አያውቅም፤ ይዞራል።

«እማ፣ ይሄ ናስትሮ ምን ይሠራል?»

«ሥራ ይሠራል» አለች እናቷ ሳትዞር።

«እኮ እንዴት?»

«ቆቅ፣ ደብተርሽን ያዢ።»

እታለም ከማሽኑ አጠገብ ሆና ሳቀች። ዕድሜዋ ከቆቅ እናት ከፍ ይላል፤ ትልቁም ትንሹም እታለም ነው የሚላት። «እሱ ባይኖር እኮ እዚሁ አርጅተን ነበር። ይሄ ማሽን ቀጥ እስኪል መጠበቅ፣ ለሠርግ የምትኳኳል ሴት መጠበቅ ማለት ነው።» ይህን እያለች ክዳኑን ከፈተች፤ ቅርጫቱ ገና እየዞረ ነበር። ጣቷን ጠርዙ ላይ አድርጋ አበረደችውና አንሶላውን ጎትታ አወጣች። ከዚህ በፊት ሺህ ጊዜ አድርጋዋለች።

ቆቅ ግን ሌላ ነገር እያየች ነበር። የናስትሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ትንሽ ጆሮ ተሠርቶለታል፤ ሲፈለግ በጥፍር ይዞ ለመላጥ እንዲመች። እንዲህ ያለ ጆሮ ቤታቸው ውስጥ ሞልቷል። የዱቄት ከረጢቱ ላይ አለ፣ በደብተሮቿ መሸፈኛ ላይ አለ፣ የተሰነጠቀው ባልዲ ላይ ሳይቀር አለ። በዓለም ላይ ፕላስተር ቆርጣ ጫፉን የምታጥፍ ሌላ ሴት ትኖር እንደሆነ ቆቅ አታውቅም።

ዓርብ ቀን መምህሩ የቤት ሥራውን አረመው። ከሰባተኛው ዓረፍተ ነገር ጎን በቀይ እስክሪብቶ ቀኑን ጽፎ፣ ከሥሩ «ትክክል። ለምን ተለጠፈ?» ብሎ ጨመረበት። ቆቅ ማታ ለእናቷ አሳየቻት፤ አሥር ከአሥር አግኝታለች። እናቷ ገጹን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ መለሰችላት።

በማግስቱ አንድ እርጥብ አንሶላ የእታለምን እጅ ጠምጥሞ ወደ ውስጥ ጎተተው።

እሁድ እናቷ መነጽሯን ቤት ረስታ ሄደች። ሆቴል እሁድ ስለሌለው ልብስ ማጠቢያውም የለውም። ቆቅ መነጽሩን ይዛ ስትደርስ ወለሉ ታጥቦ ነበር፤ ከሌላው ቀን በላይ ታጥቦ። ማንም አይስቅም። ሬዲዮኑ ተዘግቷል።

ጨማቂው ግን ይዞራል። ፊቱ ቆማ የምትሠራው አምና ከቆቅ ትምህርት ቤት ያቋረጠች ልጅ ናት፤ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ስሟ «አዲሷ» ሆኗል። ቆቅ ጠጋ አለች። ቁልፏ ላይ ናስትሮ ተለጥፏል። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ጫፉ ላይ ጆሮ አለው።

«እስኪቆም እጅሽን አትክተቺ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ አውቃለሁ፣ አሳይተውኛል።»

«ማን ነው ያሳየሽ?»

«እናትሽ ናቸዋ።» አዲሷ ክዳኑን ከፈተችና በሁለት ጣት የቅርጫቱን ጠርዝ ነካች። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው። መጀመሪያ ቶሎ ሸሸች፤ ከዚያ መልሳ ነካችው።

እናቷ ቆቅን ክርኗን ይዛ ወደ ጓዳው ወሰደቻት።

«መነጽሩን አምጪና ሂጂ።»

«እማ፣ እንደገና ተለጥፏል።»

«ነገ ከምሳ በኋላ ከሥራ ደህንነት ቢሮ መርማሪ ይመጣል። ከዚያ በፊት እኔ ስገባ አነሳዋለሁ።»

«እሱ ከሄደ በኋላስ?»

እናቷ መነጽሯን በሽርጧ ጫፍ ጠራረገች፣ አጠለቀችው፣ ልጇን በደንብ አየቻት። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል» አለች።

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ጮኸ። መጋረጃው ገና ሳይመሽ ተጋርዷል፤ የበሩ ሰንሰለት ገብቷል። ቆቅ እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ስትመለከት ሳታስበው በጃፓንኛ ትቆጥራቸው ጀምራ ነበር። ስልኩ ዝም አለና እንደገና ጮኸ። እናቷ አላነሳችውም። ቆቅ አነሳችው።

«የኔ ቆቅ፣ እታለም ነኝ። እናትሽ አለች?»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች። የለችም በይ ማለቷ ነው።

«የለችም እታለም» አለች ቆቅ። «እንዴት ነሽ?»

«አለሁ፣ ምን እሆናለሁ። ብረት አስገቡልኝ፤ እንግዲህ ጨማቂው ዘመዴ ሆነ።» ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ስሚ፣ ክዳኑን በጉልበቴ ከፈትኩ የሚል ወረቀት አምጥተው ፈርሚ ይሉኛል። በግራሽም ቢሆን ፈርሚ ይሉኛል። ናስትሮው ስላቸው፣ የምን ናስትሮ ነው የሚሉት። ሁሉም አላየንም ብሏል አሉኝ። አስቢው እስቲ፣ የሰባት ሰው ዓይን ባንድ ቀን ሲጠፋ። እናትሽ አንዲት ቃል ብትልልኝ ብዬ ነው የደወልኩት። ስትመጣ ንገሪያት እሺ?»

«እሺ።»

ስልኩን አስቀመጠች። እናቷ ፊት ለፊቷ ቆማ ነበር።

«ያቺን ገጽ ቅደጂያት።»

«ቲቸር አይቶታል።»

«እሱ የሚያውቀው ቃሉን ነው፣ ማሽኑን አያውቅም። ገጹ ከሌለ ነገሩ የለም።»

«የለጠፍሽው አንቺ ነሽ እኮ እማ።»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ አንሶላ ዘገየ እያለ በየቀኑ ደረቴ ላይ ቆሞ ይውላል። ለጥፊ አለኝ፣ ለጠፍኩ። አለጥፍም ብል ሌላ ሰው ይለጥፋል፤ እኔ ደግሞ ከበር ውጭ ነኝ። ከዚያ ምን እንበላለን? ጃፓንኛ?»

«እታለምስ?»

«እታለም ሰው አላት።»

«ማን አላት?»

እናቷ ተነሥታ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን መቀስ አወረደችና ደብተሩ ላይ አስቀመጠችው። «ጠዋት ስነሳ እንዳላየው» አለችና ወደ መኝታ ክፍል ገባች።

ቆቅ ብዙ ተቀመጠች። አልቀደደችም። ግን አልደበቀችውምም፤ መቀሱን ከላዩ ሳታነሳ ደብተሩን እዚያው ትታው ተኛች። ምናልባት ሌላ ሰው ቀዶ እንዲገላግላት ፈልጋ ይሆናል።

ጠዋት ስትነሳ መቀሱ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ግን ትናንት ከነበረበት ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ገለጠችው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ገጹ አለ። ቀዩ ጽሑፍ አለ። የገጹ የላይኛው ጥግ ወደ ውስጥ ታጥፎ ትንሽ ጆሮ ተሠርቶለታል።

ጆሮውን በጣቷ ነካችው። ጥርት ያለ እጥፋት ነው፣ በጥፍር ተሰምሮበታል። ለመቅደድ እንዲመች ይሆን? ወይስ ገጹ ቶሎ እንዲገኝ? ሁለቱም ይሆናል። አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ አጥፎ ትቶታል።

እናቷ መስኮቱ ሥር ቆማ ዩኒፎርሟን በካውያ ትተኩሳለች። ጀርባዋን ነው የሰጠቻት። ለምርመራው ረፈድ አድርጋ፣ ጸድታ እንድትገባ ሥራ አስኪያጁ ነግሯታል።

«ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?» አለች ቆቅ።

«ይሄን ተኩሼ ስጨርስ።»

ዩኒፎርሙ ተተኩሶ አልቋል። የእጅጌው መስመር ምላጭ ሆኗል። እናቷ ገለበጠችውና ያንኑ እጅጌ እንደገና ከትከሻው ጀመረች፣ ቀስ እያለች።

አዲሷ ከንጋት ጀምሮ ማሽኑ ፊት ናት። ናስትሮው አሁንም እዚያው አለ፤ ይህ ካውያ ቆሞ እናቷ ሥራ እስክትገባ ድረስ። የቢሮው አድራሻ የተጻፈው ጠርዙ በተጠቀለለው ማስታወቂያ ላይ ነው፤ ቆቅ ደግሞ አንዴ ያነበበችውን አትረሳም። በእግር ሃያ ደቂቃ፣ ከትምህርት ቤቷ በተቃራኒ አቅጣጫ። እዚያ ከሄደች የሚጠይቋትን ታውቃለች፦ ማን ለጠፈው? ዓረፍተ ነገሩ ስም አልያዘም። እነሱ ግን ይጠይቃሉ፣ እሷም መመለስ አለባት።

ቦርሳዋን አላነሳችም። ደብተሩን ብቻ ብብቷ ሥር ያዘች።

«ትምህርት ይረፍድብሻል» አለች እናቷ፣ አሁንም ሳትዞር።

«አዎ» አለች ቆቅ።

ካውያው ለአንድ ትንፋሽ ቆመ፤ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። ቆቅ ሰንሰለቱን አወረደች፣ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ገጥማ ዘጋችው።